ማርቲን ቫገንሻይንና የፊዚክስ ትምህርት

የመምህራን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው ማዕረጋቸው ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው የጀርመኑ የፊዚክስ መምህር ማርቲን ቫገንሻይን ከታላላቆቹ ተራ ላይገባ ይችላል፤ መደበኛ የፕሮፌሰርነት ወንበር አልያዘምና። ይሁን እንጂ በአገሩ ስለ ፊዚክስ አስተማር ክርክር ሲነሣ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለመመርመር ይሞክራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቫገንሻይን በ1896 በጊሰን ከተማ ተወለደ። ሒሳብ፥ ፊዚክስና ጂኦግራፊ አጥንቶ በ1920 በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1924 ፓውል ጌሄብ በመሠረተው በኦደንቫልድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በዚያ ተማሪው በየሰዓቱ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ከመዝለል ይልቅ፥ ጥቂት ትምህርቶችን ይዞ ለሳምንታት ይሠራባቸው ነበር። ወጣቱ መምህር በኋላ ለታወቀበት አሳብ መነሻው ከዚህ ሳይሆን አልቀረም። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ በኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተማረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም እጅግ ተጨናንቆ ነበር። በ1951 በቱቢንገን የተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ቤት ሰዎች የትምህርቱ ብዛት የተማሪውን አእምሮ እያፈነው መሆኑን አስታወቁ። ቫገንሻይን ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበር። በ1956 የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ፕሮፌሰር አደረገው። በ1962 ስለ ፊዚክስ ሥነ ትምህርታዊ ገጽታ፥ በ1968 ደግሞ መረዳትን ስለ ማስተማር ዋና ዋና መጻሕፍቱን አሳተመ።

አሳቡ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል። አንደኛ፥ ዕውቀት ከተማሪው መደነቅ ተነሥቶ ይደግ። ሁለተኛ፥ መምህሩ እንደ ሶቅራጥስ በጥያቄ ይምራ። ሦስተኛ፥ ሁሉን ከመንካት ይልቅ የተመረጠ ምሳሌ እስከ ሥሩ ይቈፈር።

እርሱ ደጋግሞ የሚጠቅሳት ጨረቃ ነገሩን ትገልጻለች። ብዙ የተማሩ ሰዎች ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከቀትር በኋላ ግማሽ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ ሰማይ ላይ አብረው ይታያሉ። የምድር ጥላ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ስለ ሆነ በዚያች ሰዓት ጨረቃን ሊነካት አይችልም። ብሩህ ጎኗም ወደ ፀሐይ የዞረ ነው። እንግዲህ ጨለማው ክፍል የራሷ የጨረቃ ሌሊት ነው። ይህን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም፤ ዐይንና ትዕግሥት ይበቃል። ቃሉን የሸመደደው ግን ሰማዩን ሳይመለከት ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ ማንሣት ይቻላል። በአንድ ምሳሌ ብዙ ሳምንት የሚያሳልፍ ክፍል ኤሌክትሮንና አቶም ዘንድ መቼ ይደርሳል? መሐንዲስና ሐኪም የሚሆነው ተማሪ ሰፊ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ ምሳሌዎቹን በአጭር ትምህርት ማያያዝም ግድ ነው። ሆኖም ያልገባ ትምህርት ቢበዛ መሠረት የሌለው ግንብ መሆኑ አይቀርም፤ ፎቁ በጨመረ ቍጥር አደጋውም ይጨምራል።

ቫገንሻይን በ1988 አረፈ። የሥራው ክብደት በወንበሩ ሳይሆን መምህራንን ሁሉ በሚፈትነው ጥያቄው ይለካል፤ ይኸውም ተማሪው ያውቃልን? ሳይሆን፥ ተረድቷልን? የሚለው ነው።