ከጩኸቱ በኋላ የቀረው ሸክላ

ስለ ሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪ የባሌት ሥራ «የፀደይ ሥርዓት» የሚጽፍ ሁሉ ከፓሪሱ ረብሻ ይጀምራል። እውነትም ምሽቱ የሚታለፍ አይደለም። ሜይ 29 ቀን 1913 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰርጌይ ዲያጊሌቭ የሩሲያ ባሌት ቡድን በዚያው ዓመት በተከፈተው የሻንዜሊዜ ቴአትር አዲሱን ሥራ አቀረበ። ታዳሚው ገና ከመግቢያው ሙዚቃ ጀምሮ ይስቅና ያጉረመርም ጀመር፤ ቆይቶም ጩኸቱ ኦርኬስትራውን ዋጠው። የዳንሱ ደራሲ ቫስላቭ ኒዢንስኪ ከመጋረጃው ጥግ ወንበር ላይ ቆሞ ለተወዛዋዦቹ ምቱን በጩኸት ይቆጥርላቸው ነበር። የኦርኬስትራው መሪ ፒዬር ሞንቴ ግን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እስከ መጨረሻዋ ኖታ ድረስ መርቶ ጨረሰ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሙዚቃውን በቅጡ አልሰማውም። ዳንሱ በፓሪስና በለንደን ከአሥር ላልበለጠ ጊዜ ታይቶ ተተወ፤ ዲያጊሌቭ በ1920 ሥራውን መልሶ ሲያነሳው ሌላ ዳንስ በሌላ ሰው አሠራለት። የኒዢንስኪ ዳንስ ጠፍቶ ኖሮ፣ ከብዙ ዓመታት ጥናት በኋላ በ1987 የአሜሪካው የጆፍሪ ባሌት ቡድን ፍርስራሹን ለቃቅሞ መድረክ ላይ አወጣው። ሙዚቃው ግን ዓለምን አዳርሷል። ያዳረሰውም ከመድረክ ይልቅ በሸክላ ነው፤ የዚህ ሥራ እውነተኛ ሕይወት ያለው ሸክላው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሸክላው ለመምጣት 16 ዓመት ፈጅቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከ1925 በፊት ቀረጻ የሚካሄደው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ቱቦ ፊት ተጨናንቀው ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ድምፃቸውም በቀጥታ መርፌውን አንቀሳቅሶ ሰም ላይ ይጽፋል። ለአንድ ዘፋኝና ለፒያኖ ይህ ይበቃል። «የፀደይ ሥርዓት» ግን ወደ መቶ የሚጠጋ ሙዚቀኛ ይፈልጋል፤ ስምንት ሆርን፣ አምስት ጥሩንባ፣ አምስት ክላርኔት፣ አምስት ባሱን፣ በዚያ ላይ መርፌውን ከመስመሩ የሚያዘልል ትልቅ ከበሮ። ማይክሮፎን መጥቶ ኤሌክትሪክ ቀረጻውን እስኪረከብ ድረስ ይህን ሁሉ የሚችል መሣሪያ አልነበረም።

መሣሪያው ሲገኝ ደግሞ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሽቀዳደሙ። በ1929 መጀመሪያ ላይ ያው ሞንቴ ፓሪስ ውስጥ ለግራሞፎን ኩባንያ ቀረጸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ በዚያው ከተማ ስትራቪንስኪ ራሱ የስትራራምን ኦርኬስትራ እየመራ ለኮሎምቢያ ቀረጸ። አትላንቲክን ተሻግሮ ደግሞ ሥራውን በ1922 ለአሜሪካ ጆሮ መጀመሪያ ያሰማው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ፣ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር በ1929 ጀምሮ በ1930 ጨረሰ።

የእነዚህን ሸክላዎች ድካም ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሥራው ግን ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ሙዚቃው እየተቆራረጠ አራትና አምስት ሸክላ ላይ ይሰፍራል። ቁርጥራጩ እያንዳንዱ ያለ ማቋረጥ አንድ ትንፋሽ ላይ መጫወት አለበት፤ የተሳሳተን ቦታ ቆርጦ ሌላ መቀጠል የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጥሩንባ ከቀደመ ወይ ያንኑ ተቀብለው ያሳትሙታል፣ ወይ ገጹን ከሀ እንደገና ይጀምሩታል። የሥራው መደምደሚያ የሆነው የመሥዋዕት ዳንስ ደግሞ ምቱ ከመስመር ወደ መስመር ይለዋወጣል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት እያለ ሙዚቀኛውን እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ይነሳዋል። የ1929 ፓሪሳውያን ይህን ሲጫወቱ ፍርሃታቸው ይሰማል። አንዳንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይጎተታል፣ ከበሮው ብቻውን ሲቀር የሚሰማበትም ቦታ አለ። እኔ ግን ይህን ፍርሃት እወደዋለሁ። ታሪኩ አንዲት የተመረጠች ልጃገረድ እስክትሞት የምትጨፍርበት ነው፤ የሚጫወተውም ሰው ቢያንስ ትንሽ ሊፈራ ይገባዋል።

ሞንቴ ራሱ ሙዚቃውን ከልቡ አልወደደውም። ስትራቪንስኪ ገና ሥራውን ሳይጨርስ በፒያኖ ሲያሰማው ሰውዬው አብዷል ብሎ እንዳሰበ በኋላ ተናግሯል። ቢሆንም ከ«ፔትሩሽካ» ባሌት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1911 ጀምሮ፣ የስትራቪንስኪን ሥራ በእጁ ያሳለፈ ሰው ነውና ኃላፊነቱን አልጣለም። «የፀደይ ሥርዓት»ን በሳን ፍራንሲስኮ፣ በቦስተንና እንደገና በፓሪስ ቀርጾታል። የቦስተኑን የ1951 ቀረጻ ለሰማ ሰው የሞንቴ ታላቅነት ይገባዋል፤ አይቸኩልም፣ አያጋንንም፣ የተጻፈውን በየቦታው ያስቀምጠዋል። በሥራው 50ኛ ዓመት፣ ሜይ 29 ቀን 1963፣ የ88 ዓመቱ አዛውንት በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ሲመራው ስትራቪንስኪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስትራቪንስኪ ለሸክላ የነበረው ምኞት ከሞንቴ የተለየ ነው። መሪዎች በሥራዬ ላይ የራሳቸውን ስሜት ይጨምሩበታል ብሎ ይማረር ነበርና፣ በ1930ዎቹ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የራሱን ቀረጻዎች ለሌሎች መሪዎች መመሪያ እንደሚሆኑ ሰነዶች ቆጥሯቸዋል። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ሰነዶቹ እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። የ1929ኙን፣ በ1940 ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸውንና በ1960 ከኮሎምቢያ ሲምፎኒ ጋር የቀረጸውን ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው ሦስት የተለያዩ ፍጥነቶችን ያገኛል። የ1940ው ይሮጣል፤ የ1960ው ደረቅና ጥርት ያለ ነው። በመካከሉ ኖታውም ተለዋውጧል፤ የመሥዋዕቱን ዳንስ በ1943 እንደገና ጽፎታል፣ በ1947 ደግሞ የታረመ እትም ወጥቷል። አንድ ሙዚቃ ደራሲ ከራሱ ጋር ባይስማማ አልወቅሰውም። ሥራው በእጁ ላይ ሕይወት እንደነበረው ያሳያልና።

የስቶኮቭስኪ ጉዳይ በአጭሩ ያልፋል። በ1940 ዋልት ዲዝኒ «ፋንታሲያ» በተባለው ፊልሙ ሙዚቃውን ቆርጦና ክፍሎቹን አቀያይሮ ለዳይኖሰሮች ታሪክ አዋለው፤ የመራው ስቶኮቭስኪ ነበር። ስትራቪንስኪ በኋላ ክፉኛ ነቅፎታል። ሆኖም ስንቱ ሕፃን የዚህን ሙዚቃ ድምፅ መጀመሪያ የሰማው ከዚያ ፊልም ነው።

ረጅሙ ሸክላና ቴፑ ከመጡ በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ሙዚቃው ሳይቆራረጥ ይሰማል፤ የተሳሳተ ቦታ ተቆርጦ ይስተካከላል። ኢጎር ማርኬቪች ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ጋር በ1950ዎቹ ሁለት ጊዜ ቀረጸው፤ የ1959ኙ የስቴሪዮ ቀረጻ ዛሬም ቢሰማ ፀጉር ያቆማል። ሌናርድ በርንስታይን በ1958 ኒው ዮርክ ላይ እንደ እሳት ለቀቀው። ከዚያ ፒዬር ቡሌዝ መጣ። ቡሌዝ ራሱ ሙዚቃ ደራሲ ስለነበር የሥራውን ምት በ1950ዎቹ በጽሑፍ ተንትኖታል፤ በ1969 ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸውም የዚያ ትንተና ፍሬ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ይለያል፣ ከሥር የተደበቀ መስመር ሁሉ ብርሃን ላይ ይወጣል። በርሊን ላይ ደግሞ ኸርበርት ፎን ካራያን በ1960ዎቹ እጅግ ውብ አድርጎ ቀረጸው። ስትራቪንስኪ ቀረጻውን ሰምቶ በጽሑፍ ሲተች፣ የዱር መሆኑ ቀርቶ ቤት ውስጥ የለመደ ሆኗል የሚል አቤቱታ አቀረበ። ደራሲው ትክክል ነበር። የካራያን ሕብረ ድምፅ እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ይህ ሙዚቃ ግን ልስላሴን አይፈልግም።

የዛሬው ፈተናም ይኸው ነው። ሸክላው ሙዚቀኛውን አስተምሮታል። በ1913 ብዙ ልምምድ ተደርጎ እንኳ ያስጨነቀው ምት ዛሬ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኦርኬስትራ ይጫወተዋል፤ ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶት አድጓልና። ቴክኒኩ ተገኘ፣ ድንጋጤው ሄደ። አንዳንድ መሪዎች ድንጋጤውን ለመመለስ የራሳቸውን መንገድ ፈልገዋል። ቫሌሪ ገርጊዬቭ ከማሪንስኪው የኪሮቭ ኦርኬስትራ ጋር በ1999 ሲቀርጸው የመጨረሻው ምት ከመውደቁ በፊት አስጨናቂ ዝምታ አስገባ፤ ለእኔ ትንሽ ታይታ ይበዛበታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ፍራንሷ ዣቪዬ ሮት ከሌ ሲየክል ኦርኬስትራ ጋር በ2013 የሠራው ነው። የ1913ን ኖታ መልሶ ለማግኘት ሞክሮ፣ የዚያን ዘመን የፈረንሳይ መሣሪያዎች ለሙዚቀኞቹ አስያዘ። ቀጫጭን ትሮምቦኖች፣ የፈረንሳይ ሆርኖች፣ ከሁሉ በላይ የፈረንሳይ ባሱን። ሥራው የሚከፈተው በባሱን ነው፤ ከሊትዌኒያ የሕዝብ ዜማ የተወሰደው መስመር ለመሣሪያው አስቸጋሪ በሆነ ከፍታ ላይ ብቻውን ይጮኻል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የተለመደው የጀርመኑ ባሱን ድምፁ ወፍራምና ክብ ነው፤ የፈረንሳዩ ጠበብ ያለ፣ በአፍንጫ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ከሮት ቀረጻ በኋላ የሞንቴን የ1929 ሸክላ ባዳምጠው፣ ያ ድምፅ እዚያው ከፍርፍርታው ሥር ነበር። ለዘመናት የቀረጻው ጉድለት እየተባለ የታለፈው ቀጭንነት፣ በከፊል የመሣሪያው የራሱ ጠባይ ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው የቡሌዝን የ1969 ቀረጻ ነው፤ ምን እንደተጻፈ ያሳያል። ሁለተኛ ሞንቴን ከቦስተን፣ ሦስተኛ ሮትን። የ1929ኞቹን ፓሪሳውያን ከዚያ በኋላ ያዳምጣቸው፤ ያን ጊዜ ስህተታቸውን ከድፍረታቸው ለይቶ ይሰማል።