«ዕረፍት» የሚለው ቃል

የዕረፍት ደወል ሲደወል ተማሪ ሁሉ ደስ ይለዋል። ይኸው ቃል ግን በሐዘን ቤትም ይነገራል፤ የተከበረ ሰው ሲሞት «ዐረፉ» እንላለን። ምንጩ የግዕዙ «አዕረፈ» ነው። ስንክሳርም የብዙ ጻድቃንን ሞት የሚነግረን በዚሁ ቃል ነው፤ ሞታቸውን የድካም ፍጻሜ አድርጎ ያየዋልና። ወፍ ዛፍ ላይ ዐረፈች፣ መንገደኛ ማረፊያ አገኘ ስንልም ሐሳቡ ያው ነው።

በእንግሊዝኛ «ረስት» ዕረፍትም ቀሪም ማለት ነው። ይሁንና አጋጣሚ ያመሳሰላቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥንታዊ ጀርመንኛ ነክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። የእኛው ግን ሥሩ አንድ ነው።

በጥንቱ ግዕዝ ዓይኑ «ዐ» እና አልፉ «አ» የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ንግግር አንድ ሆነዋል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሥሩን እንዲያውቁት በዓይኑ «ዕ» እናስጽፋቸው።