ከድማሚት እስከ ሳንባ፦ የአንድ ጋዝ ታሪክ

የልብ ሕመም ያለባቸው አባቶቻችን በኪሳቸው ይዘዋት የሚዞሩት፣ ደረታቸውን ሲወጋቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጓት ትንሽ ክኒን የድማሚት ዘመድ መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ናይትሮግሊሰሪንን በ1847 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቱሪን ከተማ የሠራው ጣሊያናዊው አስካኒዮ ሶብሬሮ ነው። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ደግሞ ድማሚት አድርጎ ከበረበት። በፈንጂ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ከእረፍት ተመልሰው ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸው ነበር፤ ንጥረ ነገሩ የደም ሥራቸውን ስለሚያሰፋው ነው። እሾህን በእሾህ እንዲሉ፣ በ1879 የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም መረል ይህንኑ ፈንጂ በጥቂቱ ለልብ ሕሙማን መድኃኒት አደረገው። ኖቤል ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ለልቡ ታዞለት ነበር።

መድኃኒቱ እንደሚሠራ ቢታወቅም፣ እንዴት እንደሚሠራ መቶ ዓመት ያህል የሚያውቅ አልነበረም። በ1977 ፈሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቅና የደም ሥርን የሚያላላውም ይኸው ጋዝ መሆኑን አሳየ። በ1980 ብሩክሊን ውስጥ ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር የውስጥ ሽፋኑ ከተፋቀ፣ ሊያላላው የሚገባ ኬሚካል ቢሰጠውም እንደማይላላ ደረሰበት። ሽፋኑ አንድ መልእክተኛ ይልካል ማለት ነው። በ1986 እርሱና ሉዊስ ኢግናሮ «መልእክተኛው ያው ጋዝ ነው» የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በዓመቱም በሙከራ ተረጋገጠ። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣ፣ አየር በመበከል የሚታወቅ ጋዝ፣ ገላችን ራሱ ይሠራዋል ሲባል ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ሦስቱም በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እኛ ስደተኞች ልናስተውለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ። ሙራድ ኢንዲያና ውስጥ ምግብ ቤት የነበራቸው የአንድ አልባኒያዊ ስደተኛ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ሳህን ያጥብ፣ ያስተናግድ ነበር። የኢግናሮም ወላጆች ከጣሊያን የመጡ ሲሆኑ፣ አባቱ ያልተማሩ አናጢ ነበሩ።

የእነዚህ ሰዎች ድካም በ2020 ኮቪድ ዓለምን ሲያጠቃ ሐኪሞች በሽታውን እንዲረዱት አግዟል። ቫይረሱ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ጭምር ይጎዳል። ሽፋኑ ሲጎዳ ጋዙ ያንሳል፤ የደም ሥር ይጠባል፣ ደምም ይረጋል። ስለዚህ ጋዙን ለሕሙማን በመተንፈሻ የሰጡ ሐኪሞች ነበሩ። አሰጣጡ አዲስ አይደለም፤ የሳንባቸው ደም ሥር አልላላ ላላቸው አራስ ሕፃናት አሜሪካ በ1999 ፈቅዳዋለች። በ2005 ደግሞ ስዊድን ውስጥ የሳርስን ቫይረስ መራባት እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በኮቪድ ሕሙማን ላይ ግን፣ ለአንዳንዱ ኦክስጅን ቢያሻሽልለትም፣ ሞትን እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም። ስለሆነም በዚህ ጋዝ ስም ቫይረስ ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን አትጣሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ቪያግራም የሚሠራው በዚሁ ጋዝ መንገድ ነው። ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል። ይህን ለሐኪም መናገር የሚያሳፍራቸው ወንድሞች ብዙ ናቸው። አበው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል።