ዘር መቁጠር ዛሬ ለምን ይጠቅማል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘር ቆጠራና ከአገር ስለ መውጣት ነው።

በግንደወይን፣ በሞጣ፣ በቢቸና የምትኖሩ፣ ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ሰምታችኋል። ይህ ቆጠራ ድሮ ጨዋታ አልነበረም። መሬት ይገኝበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎጃም መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ካስረዳ ድርሻ ይጠይቃል። ሴትም ትወርሳለች። ምስክሩ ብዙ ጊዜ የሽማግሌ ቃል ነበር። ከመካከል አንድ ስም የጠፋበት ሰው ርስቱ ሊያመልጠው ይችላል።

ገበሬው ለርስቱ ይሞት ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ጎጃም አመፀ። ሞጣና ቢቸናም አመፁ። ርስት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ዛሬ ይዞታ የሚታወቀው በደብተር ነው።

ታዲያ ቆጠራው ከእንግዲህ ለምን? ብዙ ሰው ከአገሩ ስለወጣ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ የወረደ አለ። ወደ መተከልና ወደ ወለጋ የሄደ፣ አዲስ አበባ የቀረም አለ። የልጅ ልጆቻቸው «ጎጃሜ ነን» ይላሉ እንጂ መንደሩን ላያውቁት ይችላሉ። በእኛ ባህል ደግሞ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ከጠፋ ዘመድ ከዘመዱ ሳያውቅ ይጋባል።

ይህ በሌላም አገር ደርሷል። ከእንግሊዝ አጠገብ አየርላንድ የምትባል ደሴት አለች። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ረሃብ ገባ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ፤ ብዙው በመርከብ አሜሪካ ገባ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ስም ከቤተ ክርስቲያን መዝገብና ከመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ይፈልጋሉ። ግን በ1922 በደብሊን ከተማ የመንግሥት መዝገብ ቤት በጦርነት ስለተቃጠለ፣ የብዙዎች ስም ጠፍቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን? የሽማግሌ ቃል ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ጽሑፍም ይቃጠላል። ስለዚህ የወላጆቻችሁንና የአራቱን አያቶቻችሁን ስም ጻፉ። ከቤተሰቡ የወጣ ካለ፣ ወዴትና መቼ እንደሄደ ጨምሩ። ያልታወቀውን ዛሬውኑ ሽማግሌ ጠይቁ። ከዚያም ሁለት ቦታ ገልብጡት። አንዱ ከቤት ይቀመጥ፤ ሌላው ርቆ ለሄደው ዘመድ ይላክ።