ከክፍል 504 በፊት፦ የቦብ ዶል የ1969 ንግግርና የመብት አስተሳሰብ አጀማመር

በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ከበጎ አድራጎት ወደ መብት የተሻገረው እንዴት ነው? እስካሁን ሚዛን የሚደፋው መልስ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሪቻርድ ስካች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት ነው። እንደ ስካች፣ በፌዴራል ገንዘብ በሚካሄዱ ሥራዎች አካል ጉዳተኛን ማግለል የከለከለው የ1973ቱ የመልሶ ማቋቋም ሕግ ክፍል 504 የሴኔት ረዳት ሠራተኞች ሥራ ነው። ቃላቱን ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወስደው በረቂቁ ጨመሩት፤ ሴናተሮቹም እምብዛም ሳይከራከሩበት አጸደቁት። በ1977 በሳን ፍራንሲስኮ ስለተካሄደው የተቀምጦ ተቃውሞም ሆነ ስለ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም።

የምቃወመው መነሻውን ነው። የካንሳሱ ሪፐብሊካን ቦብ ዶል ሴኔት በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1969፣ የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉት ስለ አካል ጉዳተኞች ነበር። ቀኑ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ልክ ከ24 ዓመት በፊት፣ በዚያው ዕለት፣ የ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር መኮንን ሳሉ ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ክፉኛ ቆስለዋል፤ ቀኝ እጃቸው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሰው እንዳይጨብጠው ብዕር ያስይዙት ነበር።

ንግግሩን የሚያነብ ሰው በሁለት ቃላት ላይ መቆም አለበት። ዶል አካል ጉዳተኞችን «አናሳ ቡድን» አሏቸው። በ1969 አሜሪካ ይህ ቃል የጥቁሮችን የመብት ትግል ታሪክ ተሸክሞ የሚመጣ እንጂ የሕክምና ወይም የምጽዋት ቃል አልነበረም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ቡድኑን እሳቸውም በቆሰሉባት ዕለት «እንደተቀላቀሉት» ተናገሩ። ስለ ሌሎች የሚራራ ባለሥልጣን እንዲህ አይልም። የመብቱ ባለቤት ራሱ ነበር በሴኔት ቆሞ የተናገረው፤ ያውም ክፍል 504 ሕግ ከመሆኑ ከአራት ዓመት በፊት።

ንግግሩ የጠየቀው አንድ ፕሬዚዳንታዊ ግብረ ኃይል እንዲቋቋም እንጂ ክልከላ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ባለመብቱ ሳይሰየም ክልከላ ለማን ይጻፋል? ሴናተር ሑበርት ሐምፍሪ የሲቪል መብቶች ሕጉ አካል ጉዳተኞችን እንዲጨምር ረቂቅ ማቅረባቸውም ይጠቀሳል፤ ያ የሆነው በ1972 ነው። በርግጥ ረዳቶቹ ክፍል 504ን የጻፉት ከዶል ንግግር ተነሥተው ነው አልልም። የምለው፣ አስተሳሰቡ እነሱ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት በዚያው አዳራሽ በይፋ ተነግሯል ነው።

የስካች ትረካ የማይፈታው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የዶል ጽናት። የ1990ው ሕግ ሲጸድቅ በሴኔት የሪፐብሊካኖቹ መሪ ነበሩ፤ ደገፉትም። ዲሴምበር 4 ቀን 2012 ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ለሴኔቱ ድምፅ ሲቀርብ፣ የ89 ዓመቱ ዶል በተሽከርካሪ ወንበር ወደዚያው አዳራሽ ገቡ። የቀድሞ የፓርቲ ባልደረቦቻቸው እያለፉ ሰላም አሏቸው። ድምፁ 61 ለ38 ሆነ፤ ለማጽደቅ 66 ያስፈልግ ነበር። ሁለቱም የካንሳስ ሴናተሮች ተቃውመው ድምፅ ሰጡ።