እሳት ተከላካይ እንጨት
እሳት ተከላካይ እንጨት የነበልባልን መዛመት የሚያዘገዩ የፎስፎረስ፣ የናይትሮጅን ወይም የቦሮን ውህዶች በፋብሪካ በከፍተኛ ግፊት እንዲሰርጹበት የተደረገ የግንባታ እንጨት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ-ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1821 ከእነዚህ ውህዶች የሚመደቡትን የአሞኒየም ፎስፌትንና የቦራክስን እሳት ተከላካይነት በጨርቅ ላይ አሳይቷል።

እንጨቱ ሲግል ኬሚካሎቹ ተቀጣጣይ ጋዝን ቀንሰው ውኃንና ከሰልን ያበዛሉ፤ የከሰሉ ሽፋንም ውስጡን ከሙቀት ይከላከላል። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ የነበልባል መዛመት መለኪያው ከ25 መብለጥ የለበትም፤ ፍተሻውም 30 ደቂቃ ይወስዳል። አጠቃቀሙ በጣሪያ፣ በውስጥ ክፍልፋይና በተወሰኑ የውጭ ግድግዳዎች ላይ ይፈቀዳል። እንጨቱ ግን ፈጽሞ የማይቃጠል አይደለም። ኬሚካሉ ጥንካሬውን ስለሚቀንስ የሸክም ስሌቱ በዚያው ልክ ይስተካከላል፤ ለዝናብ በሚጋለጥ ቦታም ኬሚካሉ በውኃ የማይታጠብ ዓይነት ያስፈልጋል።