ጢስ ግርዶሽ አያውቅም

የትንባሆ ክልከላ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትንባሆን ከልክለው አጫሾችን በሞት እስከ መቅጣት ደርሰው ነበር። ይሁን እንጂ ያ ክልከላ የገዢው ትእዛዝ ማስከበሪያ እንጂ፣ ከአጫሹ አጠገብ ተቀምጦ ጢሱን ለሚተነፍሰው ሰው የታሰበ አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ነገሩ በአያሌ አገሮች ለረጅም ጊዜ የጨዋነት ጉዳይ ሆኖ ቆየ፤ አጫሹ ያስፈቅዳል፣ ጎረቤቱም ይሉኝታ ይዞት ይፈቅዳል።

የማያጨሰው ሰው ቅሬታ እየበረታ በሄደ ጊዜ መፍትሔ ፍለጋው ወደ መሐንዲሱ ዞረ። የአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ አጫሹ በተለየለት ስፍራ ብቻ እንዲያጨስ ደነገገች። በሌሎች አገሮችም አዳራሽ ለሁለት ተከፈለ፣ ማናፈሻ ተተከለ፣ የአውሮፕላን መቀመጫ በረድፍ ተለየ። ሁለቱም ወገን የተስማማ መሰለ።

ጥያቄውን ከለወጡት ጥናቶች አንዱ የጃፓኑ ነው። ታኬሺ ሂራያማ ራሳቸው የማያጨሱ 91,540 ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው አጥብቀው የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳወቁ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው «ጢሱ ያስቀይማል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ይገድላል ወይ?» ሆነ።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በዝግ የሥራ ቦታዎች ማጨስን በመከልከል ከአገሮች ቀዳሚ ሆነች። ክርክሩ የቆመው በአስተናጋጁ ላይ ነበር፤ ደንበኛ ጢሱን ሸሽቶ ሊወጣ ይችላል፣ የአስተናጋጁ እንጀራ ግን እዚያው ነው። መጠጥ ሻጮች ገበያችን ይወድቃል ብለው ቢቃወሙም፣ አብዛኛው ሕዝብ ሕጉን አከበረ።

በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር የሙያውን ቃል ሰጠ፤ ማናፈሻ ጢሱን ያሳሳዋል እንጂ አደጋውን አያስወግድም፣ መፍትሔው በቤት ውስጥ አለማጨስ ብቻ ነው አለ።

ሆኖም አገሮች ዛሬም አንድ ሐሳብ የላቸውም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 በሙሉ ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ፣ በበሩ በኩል አየር በሰከንድ ቢያንስ 0.2 ሜትር እየፈጠነ ወደ ውስጥ የሚገባበትን የማጨሻ ክፍል ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በአንጻሩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ አገልግሎት በሚውል ቤት ውስጥ ሁሉ ማጨስን ከልክላለች።

ከሚኒሶታ ሕግ እስከ መሐንዲሶቹ ቃል 30 ዓመት አለፈ። «ይህ በመሣሪያ አይፈታም» ብሎ መመስከርም የሙያው ግዴታ ነው፤ ምስክርነቱ በዘገየ ቁጥር ዕዳውን የከፈለው ከግርዶሹ ማዶ የተቀመጠው ሰው ነውና።